ዐሥራ አንድ እናቶች በአንድ አፍ

የብርጓል የምትባለው መምህርት በር ትዘጋለች። ስለ እሷ ለማያውቅ ሰው ስናገር ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ ቁይ ከተማ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤታችን ሁላችንም የምናውቃት በዚህ ነውና። ደወል ተደወለ ማለት የአምስተኛ ክፍል በር ተቀረቀረ ማለት ነበር። ያረፈደ እስከ ዕረፍት ድረስ ውጭ ይቆማል፤ የባለሥልጣን ልጅ ሆነ የቄስ ልጅ ለእሷ ለውጥ የለውም። አንድ ጊዜማ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ደወል ካለፈ በኋላ ማስታወቂያ ሊያነብ መጥቶ፣ አንኳኩቶ፣ ተመልሷል። እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የእኔዎቹ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ እየተንጠባጠቡ ሲገቡ የእሷ ክፍል ጸጥ ይላል። ወላጅ ሁሉ ያመሰግናታል። እኔም እውነቱን ለመናገር እቀናባት ነበር።

የተወለደችው ደብረ ኤልያስ ገጠር ነው። ከእህቶቿ መካከል የተማረችው እሷ ብቻ ናት። አባቷ ትምህርት ቤት ሲልኳት «አንድ ቀን ካረፈድሽ ትምህርቱ እዚያው ይቀራል» ብለዋት ነበር አሉ። እሷም አንድም ቀን አላረፈደችም። ሰዓት ማክበር ነው ሰው ያደረገኝ ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ የሌላውንም ልጅ በሰዓት ሰው ልታደርገው ነው የምትሞክረው። ባሏ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አበቃች። ከዚያ ሌላው ሰው ማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ ማስተርስ ልማር ብላ ተነሣች።

ምክንያቷን አልደበቀችም። ርዕሰ መምህራችን ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ቦታው ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል፤ የብርጓልም ቦታውን ትፈልገዋለች። «ትምህርት ቤቱን በሙሉ በሰዓት ነው የማስገባው» ትለኛለች።

«እኔንም ጨምሮ?» እላታለሁ።

«ከአንተ ነው የምጀምረው፣ ዓለምነው።»

እንዲህ ሆኖ ክረምት ክረምት ደብረ ማርቆስ እየሄደች ተማረች። ኮርሱን ጨርሳ ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ስትደርስ የመረጠችው ርዕስ በእኛ አካባቢ ሴት ልጆች ለምን ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል እንደሚያቋርጡ ነው። ጥሩ ርዕስ ነው። ችግሩ እንግሊዝኛው ላይ ነበር። በአማርኛ አስተምረን፣ በአማርኛ ጠይቀን፣ በአማርኛ ተመልሶልን፣ መጻፍ ያለብን ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይኸ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ማንም አስተያየቴን ጠይቆኝ ግን አያውቅም።

ስልኳ ላይ ኤአይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ኔትወርክ ሲኖር በአማርኛ የጻፈችውን ትሰጠዋለች፣ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጥላታል፣ የተንጋደደውን ያቃናላታል። ይኸን ያደረገችው ተደብቃ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ባለፈው ክረምት ስለዚሁ ጉዳይ መመሪያ አውጥቶ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አስረድቷል። መመሪያው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይለዋል። ቋንቋ ለማረምና ለመተርጎም ይቻላል፤ የት የት እንደተጠቀሙ ግን ጽሑፉ ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የተጠያቂዎችን መልስ በእሱ መፍጠር ወይም መቀየር ክልክል ነው፤ ያን ያደረገ ተማሪ ጽሑፉ ይሰረዝበታል። ጥርጣሬ ከተነሣ ተማሪው ማስረጃውን ይዞ ቀርቦ በቃል ይጠየቃል። የብርጓል መመሪያ የምትወድ ሴት ናት፤ ይኸንንም እንደ ዳዊት ደገመችው። እኔ ራሴ ያወቅሁት እሷ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስትደግመው ሰምቼ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቷ ልምጣ።

ልጆቻቸው ትምህርት ያቋረጡባቸውን ዐሥራ አንድ እናቶች መጠየቅ ነበረባት። ቤታቸው የተራራቀ ነው፤ አንዱ ወንዝ ማዶ፣ አንዱ ዳገት ላይ። የብርጓል አሰበችና አንድ መላ አገኘች። አብዛኞቹ በወር በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ አብረው ይጠጣሉ። የቀሩትንም እዚያው አስጠርታ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አገኘች። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ እማማ የሽመቤት ናቸው፤ ጽዋው ሲነሣ መራቂዋ፣ ጠብ ሲነሣ ዳኛዋ እሳቸው ናቸው። የብርጓል ስልኳን ከፍታ፣ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቃ፣ በወጉ መሠረት ከእሳቸው ጀመረች።

እማማ የሽመቤትም «ሥራ ነው፣ ልጄ። ሴት ልጅ ሥራ ይበዛባታል። ድካሙ ነው የሚያስቀራት» አሉ።

ቀጣይዋ ተጠየቀች። «እሳቸው እንዳሉት ነው።» ሦስተኛዋ፦ «እሳቸው እንዳሉት ነው።» እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንዲሁ። ሌላ ምን ይበሉ? ጽዋ ተቀምጦ፣ እማማ የሽመቤት ተናግረው፣ ከሥራቸው የተቀመጠች ሴት «የለም፣ የእኔ ነገር ሌላ ነው» ልትል ነው? ይኸ እኛ አገር አይደረግም። የብርጓልም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ነገሩ ምንም አልከነከናትም። እንዲያውም ሥራዋ በአንድ ቀን በማለቁ ደስ ብሏት ተመለሰች። ስትጽፈው ግን «እሳቸው እንዳሉት» የሚል መልስ ለዩኒቨርሲቲ ስለማይሆን፣ የእማማ የሽመቤትን ቃል ለእያንዳንዷ እናት እየደገመች ሞላችው። ለእሷ መሙላት እንጂ መፍጠር አልነበረም፤ ሁሉም ተስማምተውበታልና። ከዚያ ለኤአይ ሰጠችው፣ ተረጎመላት፣ መተርጎሙንም እንደ መመሪያው አሳወቀች።

ሚያዝያ ላይ አማካሪዋ አስጠራት። እኔም ጉልበቴን የምመረመርበት የሆስፒታል ቀጠሮ ስለነበረኝ አብሬያት ማርቆስ ሄድኩ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን መሄድ ነውና ማልደን ነበር የተነሣነው። አማካሪዋ ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ይባላል፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። እኔ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። የቢሮው በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ወይዘሮ የብርጓል፣ እነዚህ እናቶች የት ነው ያሉት?» አላት።

«እየቤታቸው ነዋ።»

«ዐሥራ አንዱም አንድ ዐይነት ነገር ነው የሚናገሩት። ቃል በቃል። ሰው እንዲህ አይናገርም። እነዚህን እናቶች የወለዳቸው ኤአይ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። መመሪያውን ያውቁታል?»

«ከእርስዎ ባላነሰ አውቀዋለሁ» አለች።

ስልኳን አውጥታ የቀዳችውን ከፈተችለት። የእማማ የሽመቤት ድምፅ መጣ። ከዚያ «እሳቸው እንዳሉት ነው»፣ «እሳቸው እንዳሉት ነው»፣ አንዷ ሌላዋን ተከትላ። በመካከል አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል። ዶክተሩ ሳቀ። እኔም በረንዳው ላይ ሆኜ አፌን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ኋላ እሱም ሳቁን አቆመ።

«ኤአይ አልፈጠራቸውም፤ በመመሪያው በኩል ነጻ ነዎት» አላት። «ነገር ግን ዐሥራ አንድ እናቶች የሉዎትም። ያለችዎት አንዲት እማማ የሽመቤት ብቻ ናት። መመሪያው ባይሰርዘውም እኔ ይኸን ይዘው ፈታኝ ፊት እንዲቀርቡ አልፈቅድም። አንድ በአንድ ጠይቀው ይምጡ።»

በመልሱ ጉዞ ወደ መስኮቱ ዞራ «ቀጣፊ ተባልኩ» አለች። አለመባሏን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

አንድ በአንድ መጠየቁም ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያዋ ቤት ስትሄድ ሴትዮዋ «እማማ የሽመቤት ተናግረው የለ?» ብላ ዝም አለቻት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። የብርጓል ገባት። ተመልሳ እማማ የሽመቤት ዘንድ ሄደችና ጉዳዩን እንዳለ ነገረቻቸው። አሮጊቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ማርቆስ ያለው ሰውዬ እነዚህ ሴቶች አፍ የላቸውም አለ በዪኛ!» አሉ። በቀጣዩ ጽዋ ላይ ግን ተነሥተው «ያን ዕለት የተናገርኩት የራሴን ነው። አሁን የየራሳችሁን ንገሯት። ከእኔ ቢለይ አልቀየምም» ብለው አፋቸውን ፈቱላቸው።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ ያልነበረ ወሬ መጣ። አንዷ «ልድራት ነበር፣ ጋብቻው ፈረሰ፣ ከዚያ አፈረች» አለች። አንዷ መንገዱ ስለሚያስፈራ ነው አለች። አንዷ ደግሞ ልጂቱ ሰሌዳው አይታያትም፣ ዓይኗን ያመማታል፣ ለማንም አልተናገረችም አለች። የብርጓል ማታ ማታ ስታገኘኝ ዓይኗ እያበራ ትነግረኝ ነበር፤ አማካሪዋንም መራገም ትታ ማመስገን ጀመረች።

የመጨረሻዋ ወይዘሮ አትጠገብ ነበረች፤ ሕሊና የምትባል ተማሪያችን የነበረች ልጅ እናት። ሕሊናን አስታውሳታለሁ፤ በሒሳብ ጎበዝ ነበረች፣ ባለፈው ዓመት በመካከል ጠፋች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የብርጓል እኔ ቤት መጣች። ጤና ይስጥልኝም እንደምን ዋልክም ሳትል ተቀመጠችና ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ስማው» አለች።

ከፈትኩት። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ። ከዚያ የብርጓል ጠየቀች።

«መምህርት፣ ይቅር ይበሉኝና» አለች ወይዘሮ አትጠገብ። «በርዎ ነው።»

«የምን በር?»

«የክፍልዎ በር። ያን ጊዜ አራስ ነበርኩ። ውኃ ወርጄ እስክመለስ ሕፃኑን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። እኔ ስደርስ እሷ ትሮጣለች። ብትሮጥም ተዘግቶ ይቆያታል። ውጭ ትቆማለች። መቆሙንስ ትችለው ነበር፤ ወንዶቹ በመስኮት እያዩ ይስቁባታል። ኋላ ደብተሯን ይዛ ትወጣና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ትቀመጥ ጀመር። ልጆቹ ሲለቀቁ አብራቸው ትመጣለች። እኔ የተማረች መስሎኝ ምሳ አቀርብላታለሁ። ይኸን ያህል ጊዜ አላወቅሁም፣ መምህርት። ሳውቅና ብቆጣት ‹ከበሩ አጥሩ ይሻለኛል› አለችኝ።»

ከዚያ የብርጓል ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፦ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ‹ልጆቻችንን ሰው አደረጉልን› እያለ ሲመርቅዎት፣ እኔ ምን ብዬ? አሁንም ባይጠይቁኝ አልነግርዎትም ነበር።»

ስልኩን መለስኩላት። የብርጓል ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም ውኃ ቀድቼ ከማምጣት በቀር ያደረግሁላት ነገር የለም።

በማግስቱ ሰኞ ደወል ተደወለ፣ የአምስተኛ ክፍል በር ግን አልተዘጋም። ያረፈዱት ልጆች ደጃፉ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ክፍት ሲሆንባቸው ግራ ገባቸው። «ግቡ» ስትላቸው በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ሁለት ጊዜ ነው ያለቻቸው፤ በመጀመሪያው አላመኗትም።

ጽሑፉ ግን ገና ነበር። የወይዘሮ አትጠገብን ቃል እንዳለ በአማርኛ ጻፈችና ለኤአይ ሰጠችው። የመጣውን እንግሊዝኛ አብረን አነበብነው። በእኛ ቋንቋ ሲመለስ «አንዳንድ ወላጆች የትምህርት ቤቱን የሰዓት አጠባበቅ ሥርዓት እንደ አንድ ተግዳሮት ይመለከቱታል» የሚል ነው።

«ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው» አልኳት። ከልቤ ነበር።

«በሩ የታለ?»

«‹ሥርዓት› የሚለው ውስጥ አለ።»

«እኔስ የታለሁ? ልጂቱስ? አጥሩስ?»

እውነቷን ነው፤ ማናቸውም አልነበሩም። ቢሆንም ይኸ እንደሚሻላት ነገርኳት። በዚህ መልኩ ካለፈ ማንም ማን እንደሆነ አያውቅም። እንዳለ ከጻፈችው ግን ፈታኞቹ ያነቡታል፤ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ቅጂ ይደርሰዋል። ርዕሰ መምህር ሊሾም የተቀመጠ ሰው፣ ተማሪ ያባረረችው እሷ ናት የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ምን ይላል? ይኸን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ደግሞ ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ልፋቷ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደል ሲገባ ታይቶኝ ተናድጄ ነበር።

አዳመጠችኝና «መመሪያው ምን ይላል?» አለችኝ።

«ቋንቋ ማረም ይቻላል ይላል።»

«የተጠያቂውን መልስ መቀየርስ?»

«ክልክል ነው» አልኩ።

«ይኸ ታዲያ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ያን ጊዜ ሳላደርገው ነው የተጠረጠርኩት። አሁን አውቄ ላደርገው ነው?»

መዝገበ ቃላት ከላይብረሪ ተዋሰች። ሳምንቱን ሙሉ የአትጠገብን ቃል በራሷ እንግሊዝኛ ስትለውጥ ሰነበተች። አነበብኩት፤ ሻካራ ነው፣ ግሱ አንዳንድ ቦታ ከባለቤቱ ጋር ተኳርፏል። በሩ ግን አለ። መጨረሻ ላይ በማሳወቂያው ክፍል፣ የቀረውን በኤአይ እንዳረመች፣ ይኸን ክፍል ግን በራሷ እንደተረጎመች ጻፈች።

ሐምሌ ላይ ፈታኞች ፊት ስትቀርብ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥያቄው ብዙ ነበር፣ በደንብ መለሰች። በመጨረሻ ዶክተር ወንጌላዊት የሚሏት ፈታኝ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ገጽ ገለጠች።

«አራተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው የአንዲት እናት ቃል እንግሊዝኛው ደከም ያለ ነው። የቀረው ግን ጥሩ ነው። ማሳረም እየተፈቀደልዎት ይኸን ለምን ተዉት?»

«አሳርሜው ነበር» አለች የብርጓል። «ቆንጆ አድርጎ ነው የጻፈው። ግን በሩ ጠፋበት።»

«በሩ የማን ነው? እናትየዋ ‹በርዎ› ነው የምትለው።»

«የእኔ ነው» አለች።

ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ፈታኟ መነጽሯን መልሳ አድርጋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ውጭ ጥቂት ካስጠበቁን በኋላ በመጠነኛ ማስተካከያ ማለፏን ነገሯት። የእንግሊዝኛው ሰዋስው ይስተካከል አሉ፤ የእናትየዋ ቃል ግን እንዳለ ይቆይ። የርዕሰ መምህርነቱ ነገር እስካሁን አልታወቀም። ወረዳው ጽሑፉን አንብቦታል ይባላል፤ ምን እንዳለ የነገረን የለም።

እኔ ያንን ቀን እንብላ፣ እንጠጣ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ባጃጅ ጠርታ ወደ ገበያው እንሂድ አለች። ሕሊና ማርቆስ አክስቷ ዘንድ እንደሆነች፣ የአክስቷ የልብስ ሱቅ ውስጥ እንደምትሠራ እናትየዋ ነግራታለች።

ሱቁን ጠይቀን አገኘነው። አክስትየዋ መምህሯ መሆኗን ስትሰማ ደስ ብሏት በርጩማ አቀረበችልንና «ሕሊና! ነይ፣ እንግዳ መጥቶልሻል!» ብላ ተጣራች። ልጂቱ ከጎን ካለው መጋዘን ጨርቅ ተሸክማ መጣች። አድጋለች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ የብርጓልን አየቻትና እዚያው ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አለቻት አክስቷ። አልገባችም።

የብርጓል ከበርጩማው ተነሣች። የተዘጋጀችበት ብዙ ነገር እንደነበር አውቃለሁ፤ ባጃጁ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መስከረም ላይ ተመለሺ፣ ልጄ። በሩን አልዘጋም።»

ሕሊና መሬት መሬቱን እያየች፣ ምንም ቂም በሌለው፣ እንደ ጨዋ ልጅ ዝግ ባለ ድምፅ መለሰችላት።

«አሁንማ አርፍጃለሁ እኮ፣ መምህርት።»

የብርጓል ጽሑፏን የያዘ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ወደ ደጃፉ ሄዳ፣ ደፉን ተሻግራ፣ ውጭ ከልጂቱ አጠገብ ቆመች። ጨርቁን ከእጇ ተቀብላ ያዘችላት። ሁለቱም አልገቡም። አክስትየዋ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረችና «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

ከየት እንደምጀምርላት አላወቅሁም።